አንድ ቤርጋ ብረት፣ ሦስት እንጨት፦ የመጽሐፍ መደርደሪያ በቤትዎ ሲሠሩ

ጥቁር የብረት እግር፣ ፊቱ ያልተሸፈነ ወፍራም ጣውላ፣ ጭንቅላቱ የሚታይ ብሎን። «ኢንዱስትሪያል» የሚባለው ይህ ዓይነት የቤት ዕቃ አዲስ አበባ ካፌዎች ውስጥ ከገባ ሰነባብቷል። ፈርኒቸር ቤት ገብቶ ዋጋውን የጠየቀ ሰው ግን መነሻው ችግር መሆኑን አይጠረጥርም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ፋብሪካዎቹ እየለቀቁ ሲወጡ፣ በተለይ በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ ሰፊ ቦታ በርካሽ የሚፈልጉ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ባዶዎቹን ፎቆች እየተከራዩ ገቡ። ከተማው እዚያ መኖራቸውን በሕግ የተቀበለው በ1971 ነው። ቧንቧውን የሚሸፍኑበት፣ ጡቡን የሚለስኑበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ እንዳለ ተዉት። ስለዚህ አዲስ ጣውላ ገዝቶ አሮጌ ለማስመሰል በሰንሰለት መቀጥቀጥ፣ ምንም ለማይሸከም ጌጥ የቧንቧ ማያያዣ መግዛት ለኔ ነገሩን መገልበጥ ነው። ገንዘብዎ መጽሐፉን በሚሸከመው ነገር ላይ ይዋል፤ መልኩ ራሱ ይመጣል።

እዚህ የምንሠራው መደርደሪያ 5 ደርብ ያለው፣ ቁመቱ 150፣ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ብየዳ የለውም። በብሎን ስለሚታሰር ቤት ሲቀይሩ ተፈትቶ በሚኒባስ ጣራ ላይ ይጫናል፣ ለተከራይ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልኮቹም እንዲያው የተመረጡ አይደሉም። አንግል ብረት የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው፤ ለ4 እግር ሲካፈል 150 ይደርሳል። ጣውላና ሞራሌ በ4 ሜትር ካገኙ ከጣውላው ለ5 ደርብ 80፣ 80 ይወጣል። የሚጣል ቁራጭ የለም ማለት ይቻላል፤ ርካሽነቱ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ያስቅብኛል።

በቅድሚያ ክብደቱን ይወቁ

አንድ የተለመደ ልብ ወለድ ቁመቱ 21፣ ወርዱ 15 ሳንቲ ያህል ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት 1 ሜትር ያህል ቢደረደሩ 31 ሊትር ቦታ ይይዛሉ። መጽሐፍ በሊትር ከ700 እስከ 800 ግራም ይመዝናል ብንል፣ በሜትር ከ22 እስከ 25 ኪሎ ማለት ነው። የእኛ ደርብ 80 ሳንቲ ስለሆነ 20 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ 5ቱ ሲሞሉ አንድ ኩንታል። ትልልቅ መዝገበ ቃላትና የተጠረዙ ጋዜጦች ካሉዎት ከዚያም ያልፋል።

ገበያ ላይ ያለው ርካሽ መደርደሪያ በሁለት ዓመት መሐሉ የሚለመጠው ይህን ሒሳብ ማንም ስላልሠራለት ነው። 18 ሚሊ ውፍረት ያለው ቺፑድ በ80 ሳንቲ ርቀት ላይ ሙሉ መጽሐፍ ሲጫንበት ገና ከመጀመሪያው ወደ 5 ሚሊ ይወርዳል፤ ቺፑድ ደግሞ ሸክም ሳይነሳለት በቆየ ቁጥር መውረዱን አያቆምም። 25 ሚሊ የሆነ ደረቅ የባህር ዛፍ ጣውላ በዚያው ሸክም 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ሁለት ነገር ያስታውሱ፦ የደርቡ ርዝመት እጥፍ ሲሆን መለመጡ 16 እጥፍ ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ መለመጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። «ትንሽ ሰፋ ባደርገውስ?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ 120 ሳንቲ ላይ ይኸው ጣውላ ከ80ው 5 እጥፍ ይለመጣል። ሰፊ ግድግዳ ካለዎት ሁለት መደርደሪያ ሠርተው ጎን ለጎን ያቁሙ።

ግዢ

ብረቱ ባለ 40 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ አንግል ብረት ነው፤ አንድ ቤርጋ ይበቃል። ሻጩ «3 ሚሊ ነው» ቢልዎት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ እውነተኛው 3 ሚሊ 6 ሜትሩ 11 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 9 ኪሎ ከሆነ ቀጭን ነው የሸጠልዎ። ከዚህ ሌላ 2 ሳንቲ ወርድና 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት፣ 3 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል። ይህን ሙሉ ቤርጋ መግዛት የለብዎትም፤ ብየዳ ቤቶች ቁራጭ ያስቀምጣሉ። መርካቶ የሚመላለስ ሰው ካለዎት ምናለሽ ተራ አካባቢ ያገለገለ ብረት በኪሎ ይገኛል፤ ያልተጣመመ መሆኑን ብቻ ይዩ፣ ዝገቱ አያስጨንቅዎ።

እንጨቱ፦ 2.5 ሳንቲ ውፍረትና 12.5 ሳንቲ ወርድ ያለው 4 ሜትር ጣውላ 2፣ ባለ 4 በ5 ሞራሌ 1። አንድ 25 ሳንቲ ሰፊ ጣውላ ለምን አይሆንም? ይሆናል፤ ግን ሰፊ ጣውላ ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ይጎብጣል፣ ዋጋውም ከሁለት ጠባብ ይበልጣል።

ማሰሪያው፦ ባለ 8 ሚሊ፣ ርዝመቱ 6 ሳንቲ የሆነ ብሎን 20 ከነዳዶው፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላ 40፣ የ5 ሳንቲ ቪቴ 60፣ የ4 ሳንቲ ቪቴ 20። ኮላ አይግዙ። ሁለቱ ጣውላዎች በክረምት የሚያብጡበት፣ በበጋ የሚሰበሰቡበት ነፃነት ያስፈልጋቸዋል።

መሣሪያ ብዙ አይጠይቅም። መጋዝ፣ ትራፓኖ ከነፑንታው፣ 13 ቁልፍ (የ8 ሚሊ ብሎን ጭንቅላት የሚይዘው 13 ነው)፣ ካቻቪቴ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ትራፓኖ ከሌለዎት ጎረቤት ይጠይቁ፤ ለአንድ ቀን ሥራ መግዛት አያዋጣም።

ጣውላ መምረጥ

ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው ያገለገለ የአርማታ ጣውላ ነው፣ ሕንፃ ሲሠራ ኮንክሪት የተሞላበት። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፀሐይና ዝናብ ስለተፈራረቀበት መጣመም የነበረበት አስቀድሞ ተጣሟል፣ የሚሰነጠቀውም ተሰንጥቋል። ትኩስ ተሰንጥቆ የመጣ ባህር ዛፍ ግን ቤትዎ ገብቶ ነው የሚጣመመው። እርጥብ መሆኑን በክብደቱና በሽታው ያውቁታል፤ መዳፍዎን ሲያሳርፉበትም ይቀዘቅዛል። ተገዶ እርጥብ የገዛ ሰው በጥላ ሥር፣ በመሐል በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ይደርድረውና ከላዩ ድንጋይ ጭኖ ለተወሰኑ ወራት ይርሳው። ሌላ አቋራጭ የለም።

ከመግዛትዎ በፊት የጣውላውን አንድ ጫፍ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ሌላኛውን ዓይን ይጨፍኑና ጠርዙን እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። ወደ ጎን የታጠፈ እንደ ምንም ይቃናል፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ግን አይቃናም፣ ይመልሱት። ቅርፊት የቀረበት ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳና ነጭ ዱቄት ካዩ ነቀዝ አለ፤ ያንን ቤትዎ አያስገቡ።

ፓሌት የሚያገኙም አሉ። ፓሌት ከሆነ ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም ያንብቡ። የስንዴ ዛላ ምስል ካለው በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ደንብ መሠረት የታከመ ነው። ከአገር መለያው ቀጥሎ በላቲን ፊደል ኤች እና ቲ ከተጻፈ እንጨቱ እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ በሙቀት ታክሟል፣ ችግር የለውም። ኤም እና ቢ ከተጻፈ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ለቤት ዕቃ አይጠቀሙበት። ማኅተም የሌለው፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት ፓሌትም እንደዚያው። ደረጃውን የጠበቀው የአውሮፓ ፓሌት ላዩ 120 ሳንቲ ርዝመትና 22 ሚሊ ውፍረት ያለው ጣውላ ነው፤ ለ80 ሳንቲ ደርብ ይበቃል።

ማጽዳትና መቁረጥ

የአርማታ ጣውላ ውስጥ ሚስማር አለ። «ነቅለነዋል» ይሉዎታል፤ አይመኑ። የተበላሸ ስፒከር ካለ ማግኔቱን ፈልቅቀው ያውጡና ጣውላው ላይ ቀስ እያሉ ይጎትቱት። ድንገት ቆንጠጥ ካደረገዎት እዚያ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ሚስማር ተደብቋል። በጠመኔ ያክብቡት፣ ቆፍረው በፒንሳ ይንቀሉት። አንድ የተረሳ ሚስማር አዲስ መጋዝ ያበላሻል፤ የኤሌክትሪክ መጋዝ ከሆነ ደግሞ ፍንጣሪው ለዓይን ነው። የነቀሉትን ሚስማር አይጣሉት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የደረቀውን ሲሚንቶ በመጀመሪያ በጠፍጣፋ ብረት ይፈቅፍቁ፣ ከዚያ ውጭ ወጥተው በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ የሲሚንቶ ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ በ60 ቁጥር ይጀምሩና በ120 ይጨርሱ፣ ሁልጊዜ እንደ እንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። እስኪያበራ መላግ አያስፈልግም፤ የመጋዙ ዱካና የሚስማሩ ጥቁር ቀዳዳ ይቅር። እጅዎንና የመጽሐፉን ሽፋን የሚወጋ ስንጥር ከሌለ በቂ ነው። ጠርዞቹን ግን በደንብ ያለስልሱ።

አሁን ይቁረጡ። ሁለቱ ጣውላዎች እያንዳንዳቸው በ80 ሳንቲ 5 ቦታ፣ በድምሩ 10 ቁራጭ። መጋዙ በእያንዳንዱ ቁርጥ 2፣ 3 ሚሊ ስለሚበላ ሁሉንም በአንዴ ለክተው መስመር አያስምሩ፤ የመጀመሪያውን ቆርጠው እሱን ለቀሪዎቹ መለኪያ ያድርጉት። የመጨረሻው ጥቂት ሚሊ ካጠረ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ያስተካክሏቸው። ደርቦቹ 79.5 ቢሆኑ ማንም አያውቅም፤ አንዱ 80 ሌላው 79.5 ከሆነ ግን እግሩ ይንጋደዳል። ሞራሌውን በ25 ሳንቲ 15 ቦታ ይቁረጡት።

ደርቦቹን መሥራት

ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ያስተኙ፣ መሐላቸው 3 ሚሊ ክፍተት ይተዉ (ክፍተቱን ለመጠበቅ ሚስማር ጣል ያድርጉበት)። ከሥራቸው ሦስት የሞራሌ ቁራጭ ይገባል፦ ሁለቱ በሁለቱ ጫፍ ከጣውላው ጋር እኩል ሆነው፣ አንዱ መሐል። የሞራሌው 5 ሳንቲ ጎን ወደ ላይ የቆመ፣ 4 ሳንቲው የተኛ ይሁን። ከላይ በኩል በእያንዳንዱ ጣውላና በእያንዳንዱ ሞራሌ መገናኛ 2 ቪቴ ይግባ። ባህር ዛፍ ያለ ቀዳዳ ቪቴ ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ በ3 ሚሊ ፑንታ አስቀድመው ይብሱ። የቪቴው ጭንቅላት መታየቱ አያሳፍርም፣ በአንድ መስመር ላይ ካዋሉት ያምራል እንጂ።

ብዙዎች ጣውላውን ከእግሩ ጋር በቀጥታ፣ በጫፉ በኩል በቪቴ ያስሩታል። እንጨት በጫፉ በኩል ቪቴ አይዝም፣ ቀስ በቀስ ይለቃል። በእኛ አሠራር ብሎኑ ሞራሌውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ሸክሙ የሚያርፈው በእንጨቱ ጎን ላይ ነው።

እግሮቹ፦ እዚህ ላይ ይረጋጉ

ብረቱን ብየዳ ቤት በ4 እኩል ያስቆርጡ፤ በሰጌቶ ራስዎ መቁረጥ ቢፈልጉም ይቻላል፣ ላብ ነው እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ ያለስልሱ።

አንግል ብረት ሁለት ክንፍ አለው። አንዱ ክንፍ በመደርደሪያው ጎን ይውላል፣ ብሎኑ የሚገባው በእሱ ነው። ሌላው በፊት (ወይም በጀርባ) በኩል ጣውላውን አቅፎ ይይዛል፣ ቪቴ ይገባበታል። 4ቱ እግሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የፊት ግራውና የጀርባ ቀኙ አንድ ናቸው፤ የፊት ቀኙና የጀርባ ግራው ደግሞ የእነሱ ግልባጭ። ይህን ያልተገነዘበ ሰው 4ቱንም አንድ አድርጎ ያስበሳና ሁለቱ እግሮች ተገልብጠው ይቀሩበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመብሳትዎ በፊት 4ቱን እግሮች ወለል ላይ እንደሚቆሙበት አድርገው በየማዕዘናቸው ያቁሙና በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ በጠመኔ «ጎን» ወይም «ፊት» ብለው ይጻፉ፤ የጀርባውንም «ፊት» ይበሉት፣ ቀዳዳው አንድ ነው። የታችኛውንም ጫፍ ምልክት ያድርጉበት።

ልኩን የሚወስዱት ሁልጊዜ ከታች፣ ወለል ከሚነካው ጫፍ ነው። በ«ጎን» ክንፍ ላይ ከታች ወደ ላይ 10፣ 50፣ 83፣ 113 እና 143 ሳንቲ ላይ፣ ከማዕዘኑ 2.5 ሳንቲ ገባ ብሎ ቀዳዳ ይኑር። በ«ፊት» ክንፍ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዳቸው 3.75 ሳንቲ ከፍ ብሎ አንድ አንድ፣ የጣውላው ውፍረት መሐል ላይ እንዲያርፍ። የጎኑ ቀዳዳ 9 ሚሊ፣ የፊቱ 5 ሚሊ ነው። በእነዚህ ልኮች የደርቦቹ ላይኛ ገጽ ከወለል 15፣ 55፣ 88፣ 118 እና 148 ሳንቲ ላይ ያርፋል። የታችኛው ክፍል 32.5 ሳንቲ ነፃ ቁመት ስላለው ኤ4 የሚያህሉ ትልልቅ መጻሕፍትና ፋይሎች ይቆሙበታል፤ ላይኛዎቹ ሁለቱ 22.5 ናቸው፣ ለልብ ወለድ። ሥሩ ደግሞ መወልወያ እንዲገባ ክፍት ነው።

እያንዳንዱን ነጥብ በሚስማርና በመዶሻ ኮትኮት ያድርጉት፣ አለዚያ ፑንታው ይንሸራተታል። ብረቱን በሞርሴቶ ከጠረጴዛ ጋር ሳያስሩ አይብሱ፤ ፑንታው ብረቱን ይዞ ከዞረ እጅ ይቆርጣል። ትራፓኖው ቀስ ብሎ ይዙር፣ ጠብታ ዘይት ጣል ያድርጉበት። ይህን ሁሉ ብየዳ ቤቱም ይሠራልዎታል፤ ግን ምልክቱን ራስዎ አድርገው ይውሰዱት።

ለሙከራ መግጠም

መደርደሪያው በጀርባው ተኝቶ ነው የሚገጠመው። ሁለቱን የጀርባ እግሮች ወለል ላይ ያስተኙ፣ «ጎን» የተባለው ክንፍ ወደ ላይ ይቁም። የታችኛውንና የላይኛውን ደርብ በጠርዛቸው አቁመው በመሐላቸው ያስገቡ። የጣውላው ላይኛ ገጽ በልኩ መሆኑን አረጋግጠው በብረቱ ቀዳዳ በኩል በ8 ሚሊ ፑንታ ሞራሌውን ይብሱት፤ ብረቱ ራሱ መምሪያ ስለሆነ እንጨቱን ለብቻ መለካት አያስፈልግም። ብሎኑ ከውጭ ይግባ፣ ዳዶው ከውስጥ በኩል፣ ሮንዴላ በሁለቱም ወገን። በእጅ ብቻ ያጥብቁ። ሦስቱን ደርቦች ያስከትሉ፣ ከዚያ የፊት እግሮችን ከላይ ያሳርፉና እንዲሁ ያድርጉ።

አሁን ማዕዘኑን እናስይዝ። ከግራ ታች እስከ ቀኝ ላይ፣ ከቀኝ ታች እስከ ግራ ላይ ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ይለኩ። እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሏል። ካልሆነ በረዘመው ሰያፍ ጫፍ ላይ በመዳፍዎ ገፋ ያድርጉትና እንደገና ይለኩ። እኩል ሲሆኑ በ13 ቁልፍ ያጥብቁ። ሮንዴላው እንጨቱን ትንሽ ሰርጎድ ሲያደርገው ይቁም፣ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ሞራሌውን ይሰነጥቃል።

ገልብጠው በፊቱ ያስተኙት። ጠፍጣፋውን ብረት በ157 ሳንቲ ሁለት ቦታ ቆርጠው በጀርባ በኩል ከታችኛው ደርብ እስከ ላይኛው ደርብ በመስቀለኛ ያሳርፉት። ጫፎቹ ተበስተው በ«ፊት» ክንፍ ቀዳዳ ላይ ይውላሉ፣ በ4 ሳንቲ ቪቴ ከጣውላው ጠርዝ ጋር ይታሰራሉ። የቀሩትንም ቀዳዳዎች፣ ከፊትም ከጀርባም፣ በቪቴ ይሙሏቸው። መስቀለኛውን «ለምን ያስፈልጋል» ብሎ የሚተው አይጠፋም። ሳይገባ መደርደሪያውን አቁመው ከጎኑ ነካ ያድርጉት፤ ይወዛወዛል። ከገባ በኋላ ይሞክሩት።

ቀለም

ሁሉም ልክ ከሆነ ይፍቱት። በሚፈቱበት ጊዜ እያንዳንዱን ደርብና እግር ከሥሩ ቁጥር ይስጡት፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ እንጂ ከሌላ ጋር አይገጥሙም።

ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ቅባቱን ይጥረጉ፣ አንድ ዙር አንቲ ረስት፣ ከደረቀ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዙር ጥቁር ቀለም። የማያብረቀርቀውን ይጠይቁ።

እንጨቱ ላይ ግን ቆም እንበል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቡናማ ቫርኒሽ ጣውላውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል፣ ለዚህ ሥራ አልወደውም። ከዚያ ይልቅ ያስቀመጡትን የዛገ ሚስማር ያምጡት። ግማሽ ሊትር አቼቶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያድርጉና አንድ እፍኝ ሚስማር ይጨምሩበት። ክዳኑን አያጥብቁ፤ አሲዱ ብረቱን ሲበላ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ የታፈነ ዕቃ ይፈነዳል። እሳትም አያስጠጉት። አንድ ሳምንት ገደማ ይቆይ። የሚዝገው ቀጭን የብረት ሽቦ ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን ይደርሳል፤ የማይዝገው የድስት መፈግፈጊያ ግን አይሠራም። ፈሳሹን በጨርቅ ያጥልሉት።

ጣውላውን መጀመሪያ በጣም በፈላና በወፈረ ሻይ ይቀቡትና ይድረቅ። ከዚያ ያጠለሉትን ፈሳሽ በፔኔሎ ይቀቡ። ሲቀቡት ውሃ ይመስላል። በደቂቃዎች ውስጥ ግን ዓይንዎ እያየ ይጠቁራል፣ ከግራጫ ወደ ጥቁር ቡናማ፣ ለዓመታት ደጅ የከረመ እንጨት መልክ ይይዛል። ብረቱ በሻይና በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ለውጥ ነው። ጭረቱ ውስጥ ሲሚንቶ የቀረበት ቦታ፣ ሲሚንቶው አሲዱን ስለሚያመክነው፣ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ካልወደዱት አስቀድመው በደንብ ያጽዱ፣ እኔ ግን እተወዋለሁ። በቁራጭ እንጨት ላይ ሳይሞክሩ አይጀምሩ፤ ከጠቆረ መመለሻ የለውም። ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያብሱት።

የመጨረሻው ሰም ነው። ንጹሕ የንብ ሰም፣ አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ ተርፐንታይን። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡ፤ ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ ሌላ ጣሳ አስቀምጠው ያቅልጡት፣ ከ60 ዲግሪ ትንሽ በላይ ሲሞቅ ይቀልጣል። ከምድጃው አውርደው፣ እሳቱን አጥፍተው ብቻ ተርፐንታይኑን ይጨምሩ። ሲቀዘቅዝ ቅቤ የመሰለ ይሆናል። በጨርቅ ይቀቡ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ያሹ። በተልባ ዘይት የሚቀቡ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። ለአጥር ይሁን፤ መጽሐፍ ጋ አይቅረብ፣ ሽታውም ቅባቱም ወረቀት ውስጥ ይገባል።

ማቆም

እንደገና ገጥመው ቦታው ላይ ያቁሙት፣ በውሃ ልክ ይዩት። ወለሉ ያልተስተካከለ ከሆነ በዝቅተኛው እግር ሥር ቁራጭ ላሜራ ያስገቡ። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ብቻ የሆነ፣ ኩንታል የተጫነበት ነገር ከግድግዳ ጋር ሳይታሰር መቆም የለበትም፤ በተለይ መወጣጫ አድርጎ የሚያየው ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ። በላይኛው ደርብ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ስታፋ ይበቃሉ።

ችግሩ ግድግዳው ነው። የኮንክሪት ኮለን ካገኙ 8 ቁጥር ፊሸር ይጨርሰዋል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ፑንታው ድንገት ወደ ውስጥ ከገባ ባዶው ላይ ነዎት፣ ፊሸሩ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። ጥቂት ሳንቲ ፈቀቅ ብለው ብሎኬቶቹ የሚገናኙበትን የሲሚንቶ መስመር ይፈልጉ። የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑን በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ይሂዱ፤ ድምፁ የሚደነድንበት ቦታ ቋሚው እንጨት አለ፣ ረጅም ቪቴ በቀጥታ እዚያ ይግባ። ማገሩን አይመኑት። አከራይዎ ግድግዳ የማያስበሱ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ የፊት እግሮች ሥር ግማሽ ሳንቲ የምትሆን ሽብልቅ አስገብተው ወደ ግድግዳው ዘንበል ያድርጉት፤ እንደ መታሰሩ አስተማማኝ ባይሆንም ከምንም ይሻላል።

ሲሞሉት ከታች ይጀምሩ። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትና መሰል ከባዶች የታችኛው ደርብ ላይ ይሁኑ፣ ቀላሎቹ ወደ ላይ። መጽሐፉን ከግድግዳው ጋር አያጣብቁት፤ በክረምት እርጥበት ያላቸው ግድግዳዎች ጀርባው ላይ ሻጋታ ያወጣሉ፣ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አየር ያስተላልፋል።

እንጨት በክረምት አብጦ በበጋ ይሰበሰባል፣ ብሎኖቹም በዚያው ልክ ይላላሉ። ከመስቀል በኋላ፣ አየሩ ደረቅ ማለት ሲጀምር፣ መጽሐፉን ሳያወርዱ 13 ቁልፍ ይዘው 20ዎቹን ብሎኖች አንድ ዙር ይፈትሹ። የላላውን ሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ።